ሦስት ነጥብ በቢላው አንገት

ደማቀች አባቷን ዐረብ አገር፣ አማን ላይ ከቀበረችው አራት ዓመት አልፏታል። የቀበረችው በአፏ ነው። ሰውዬው፣ ባለ እጁ ገብረመድኅን፣ ከጎንደር በታች ባለው ቆላ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። እሷ ግን ጀበል አማን በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ «አባቴ እንኳ ሞቷል። ነጋዴ ነበር» አለች። የጠየቀቻት አስናቀች ናት። አስናቀችም «ነፍስ ይማር» አለችና ሌላ አልጠየቀችም።

ያን ቀን አስናቀች ያገኘቻት ኡም ኡዘይና በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ፣ ሻንጣዋን ታቅፋ ስታለቅስ ነው። ከማዳሟ ቤት የወጣችው ፓስፖርቷን እንኳ ሳትይዝ ነበር፤ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። አስናቀች ሃምሳ የተጠጋች፣ በየቤቱ በሰዓት እየሠራች የምታድር ሴት ናት። ሻንጣውን ተቀበለቻት፣ ሰርቪስ በሚሉት የጋራ ታክሲ አሳፍራ ወደ ክፍሏ ወሰደቻት፣ አልጋ ልብሷን አካፈለቻት፣ ሥራ አፈላለገችላት። ደማቀች በዚህ አገር ዘመድ አላት ከተባለ አስናቀች ናት፤ እሷን ካጣች የቀራት መንገድ ዳር ያለው የሱቅ ደጃፍ ነው።

ታዲያ ለምን ዋሸቻት? አስናቀች ያገሯ ሰው ሆና ተገኘቻ! የአንድ ቅዳሜ ገበያ ሰዎች ናቸው። ያገሯ ሰው ደግሞ የቀጥቃጭን ልጅ ምን እንደሚላት ደማቀች ጡት ሳትጥል ጀምሮ ታውቃለች። በሠራው ማረሻ አርሰው፣ በሠራው ማጭድ አጭደው፣ በሠራው ቢላ ሥጋቸውን ከትፈው ሲያበቁ፣ ልጅ በታመመ ቁጥር «ቡዳ በላው» ብለው ወደሱ ቤት የሚያፈጡ ሰዎች! ማፈር ቢያውቁ ኖሮ አንገታቸውን የሚደፉት እነሱ ነበሩ። አንገቷን ደፍታ የኖረችው ግን ደማቀች ናት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የደማቀች ውሸት እያደር ከበዳት። ገና በሁለተኛው ቀን አልጋ ስታነጥፍ የአስናቀችን ትራስ ብታነሣ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቢላ አገኘች። አስናቀች ከአገሯ ይዛት የመጣች፣ ከክፉ ሕልምና ከቡዳ ዓይን እንድትጠብቃት ከራስጌዋ የማትለያት ቢላ ናት። አንገቷ ላይ፣ ስለቱ ከእጀታው በሚገናኝበት፣ አንዲት የጎበጠች መስመርና ከሥሯ ሦስት ነጥቦች ተመትተዋል። ይህን ምልክት የሚመታ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ገብረመድኅን። ደማቀች ትራሱን ቀስ ብላ መለሰችው። እነሆ አራት ዓመት ሙሉ፣ በአባቷ ብረት ከእሷ ቢጤ ራሷን ከምትጠብቅ ሴት አጠገብ ትተኛለች።

አባቷ ስለት ያለው ነገር ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም ነበር። መሬት ላይ ያኖረዋል፤ እጀታውን ወደ ተቀባዩ ያዞራል፤ እጁን ሰብስቦ ሰውዬው ራሱ እስኪያነሣው ይጠብቃል። ደማቀችም ሽንኩርት ሲከተፍ አስናቀች «እስቲ ቢላ አቀብይኝ» ስትላት ወለሉ ላይ አስቀምጣ እጀታውን ታዞርላታለች። እጇ የለመደው ነገር ነው፤ ልብ ብላው አታውቅም።

ያልሞተ አባት ደግሞ ድምፅ ይልካል። ወንድሟ መልካሙ ስልኩን አፉ ላይ ይይዝለታል፤ እሷ አውቶቡስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማዋለች። ክፍሏ ውስጥ ከፍታው አታውቅም። የመጨረሻው ከሦስት ሳምንት በፊት የመጣ ነው። «ልጄ፣ ቢላ ከሚሠራ ሰው ቤት ገባች ብሎ መልካሙ ነገረኝ። ደስ አለኝ። የማንን ምልክት ነው የምታደርጊበት?» ከዚያ ሳል፣ ከሳሉ በኋላ የወናፍ ድምፅ። ምን ብላ ትመልስለት? ነገ፣ ነገ ስትል ሦስት ሳምንት አለፈ።

ቢላ ሠሪው አቡ ሐምዛ ይባላል። ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ ኡም ሱማቅ በሚባል ሰፈር፣ ከቤቱ ሥር ባለው ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ደማቀች መጀመሪያ ትመጣ የነበረው ደረጃ ልታጥብ ነው። አንድ ቀን የተወለወለ ስለት አንሥታ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ስታይ አያትና፣ መጥረጊያውን ተቀብሎ ሞረድ ሰጣት። የእሱን ዓይን ሞራ እየሸፈነው ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ቢላዎቹን ምልክት የማድረጉን ሥራ ጨርሶ ለእሷ ትቶላታል። የቤቱ ምልክት ደማቀች ዋልያ የምትለው የበረሃ ፍየል ራስ ነው፤ ቀንዶቹ ወደ ኋላ የተቆለመሙ።

ይህ ምልክት በመዶሻ አይመታም። ማሽን አለው፤ አቡ ሐምዛ ማኪና ይለዋል። ማኪናው የጫማ ሳጥን የሚያህል ነገር ነው፣ ሁለት ሽቦ ወጥቶለታል። አንዱ ሽቦ ቢላውን ይቆነጥጣል፤ በሌላው ጫፍ በጨው ውኃ የራሰ ጨርቅ አለ። ዋልያው ተቀርጾ የወጣበት ስስ ወረቀት፣ አቡ ሐምዛ ሸብሎና የሚለው፣ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ጨርቁ ሲነካው ኤሌክትሪኩ በክፍቱ በኩል ብቻ ገብቶ ብረቱን ይበላዋል። ትንሽ ይጤሳል፣ የተቃጠለ ጨው ይሸታል፣ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ሃያ አራት ቢላዎች ምልክት ይጠብቁ ነበር። ዓርብ ስዌፍየህ ሰፈር ባለ አዳራሽ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ይከፈታል፤ አቡ ሐምዛ ሁለት ዓመት የደከመው ለዚያ ቀን ነው። አምስቱ ቢላዎች እንደ ልብ ወጡ። ስድስተኛው ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ሲያንጎራጉር የነበረው ማኪና ዝም አለ። ከዚያ ጥ፣ ጥ፣ ጥ አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና፤ ጥ፣ ጥ፣ ጥ።

የደማቀች እጅ ባለበት ቀረ። አባቷ ክንዱን ሲያሳርፍ መዶሻውን ባዶ መቀጥቀጫው ላይ ሦስት ጊዜ ያስነካ ነበር፤ የጋለውን ብረት ሳይሆን ባዶውን። እንዲሁ ነበር የሚለው፤ በዚሁ ፋታ፣ በዚሁ ልክ። ጨርቁን አነሣች፣ ሸብሎናውን ላጠችው። ዋልያው አለ። ከዋልያው ሥር ግን አንዲት የጎበጠች መስመር፣ ከመስመሯም ሥር ሦስት ነጥብ።

ሸብሎናውን መብራት ላይ ዘርግታ አየችው። ቀዳዳ የለበትም። አዲስ ቆርጣ ሰባተኛው ቢላ ላይ ለጠፈች፤ በጣቷ ዳር ዳሩን ተጭና፣ ትንፋሿን ይዛ አስነካችው። አሁንም ጥ፣ ጥ፣ ጥ። አሁንም ሦስት ነጥብ።

«ምን ሆንሽ ያ ብንቲ፣ ልጄ?» አለ አቡ ሐምዛ። ቢላውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው። «ቆሻሻ ነው። ማኪናው አርጅቷል፤ ማሌሽ፣ ምንም አይደል።» ሁለቱን ቢላዎች ወስዶ አንገታቸውን በሞረድ አጠፋቸው። «ኻላስ፣ በቃ፣ ለዛሬ ይረፍ። ቡክራ፣ ነገ እንጨርሰዋለን፣ ኢንሻአላህ።»

ደማቀች በአውቶቡስ ስትመለስ የአባቷን ድምፅ እንደገና ከፈተችው። «የማንን ምልክት ነው የምታደርጊበት?» ዝም ስላልኩት ነው፣ ብላ አሰበች፤ ተቀይሞኝ ነው። ያስፈራት ግን ቅያሜው አልነበረም። ዓርብ አዳራሹን እንዲያጸዱ ከተጠሩት ሴቶች አንዷ አስናቀች ናት። አንድ ሰሐን እንኳ ሳታነሣና ሳታገላብጥ የማታልፍ ሴት! ያን ምልክት አንድ ጊዜ ብታየው፣ አራት ዓመት ትራሷ ሥር ያኖረችውን ነገር ትረሳዋለች? ከየት መጣ ብላ ዝም ትላለች?

ቤት ስትደርስ አስናቀች ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ሽንኩርት ነው» አለች ሳትጠየቅ። ትሪውን አቀረበች። ራሷ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«ብዪ አንቺ። እኔ ሆዴ አልተመቸኝም።»

አራት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተዋል፤ ተኮራርፈው እንኳ ሳይቀር። ደማቀች ብቻዋን ጎረሰች። አስናቀች ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ እስክትጨርስ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። በኋላ ሳህን ልታጥብ ስትወጣ፣ ደማቀች ተንደርድራ ትራሱን አነሣች። ቢላዋ የለችም።

የት ሄደች ብላ እንዳትጠይቅ፣ መኖሯን ታውቅ ነበር ወይ ሊባል ነው። ዝም አይነቅዝም ብላ ተኛች። ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ቢላዋ አሁን በአስናቀች ጉያ ውስጥ ያለች መሰላት።

ሐሙስ ጠዋት ስትወጣ አስናቀችና ጎረቤታቸው ማክዳ ኮሪደሩ ውስጥ አንገት ለአንገት ገጥመው ያወሩ ነበር። «ቅዳሜ ይሁን፤ ሁላችንም ባለንበት» ስትል አስናቀችን ሰማቻት። ደማቀችን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። ማክዳ «እንዴት አደርሽ ደምዬ» አለችና ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደማቀች ደረጃውን ወረደች። ሊያባርሩኝ ነው አለች በልቧ። አንድ በአንድ አይደለም፤ ተሰብስበው ነው።

ጋራዡ ስትደርስ ማኪናው ጨርሶ ሞቷል። መብራቱ አይበራም፣ ሽቦው አይሞቅም። የሸጠለት ሰውዬ በስልክ «ከእሑድ በኋላ አምጣው» ብሎ ዘግቷል። አሥራ ዘጠኝ ቢላዎች ምልክት አልባ ተሰልፈዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነውና፣ አቡ ሐምዛ የሆነ መምቻ ብረት ከሣጥን አውጥቶ መዶሻ አንሥቷል።

«ላ! አይሆንም ያ ሐጅ!» ጮኸች ደማቀች፤ ክንዱን ያዘችው። «ውኃ የጠጣ ብረት አይመታም፤ ይሰነጠቃል! ምልክት የሚመታው እንደጋለ ነው፣ ውኃ ከመግባቱ በፊት።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

አፏ ቀደማት። «አባቴ» አለች በዐረብኛ። «አባቴ ሐዳድ ነው።»

ቀጥቃጭ ማለቷ ነው፤ አማን ውስጥ ቃሉን ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። የሚሆነውን ጠበቀች። አቡ ሐምዛ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ፊቱ ሁሉ በራ። «ሐዳድ! እዚህ አገር ስንቱ ትልቅ ቤተሰብ ነው በዚህ ስም የሚጠራው! ዱክተሩ ሐዳድ፣ መሐንዲሱ ሐዳድ። የሐዳድ ልጅ ሆነሽ ነው ደረጃዬን ስታጥቢ የኖርሽው? ለምን ደበቅሽኝ?» አንድ ሥራ እዚህ ሲያስከብር አገሯ ላይ ያስነውራል፤ ባሕሩን ሲሻገር የተለወጠ ነገር የለም፣ ብረቱ ያው ብረት ነው። እልህ ያዛት። የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ ማክዳ የሰጠቻትን ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች።

መላው የሁለቱ ነው። የቢላውን አንገት በጥፍር ቀለም ቀባችው፤ ሲደርቅ ዋልያውን በመርፌ ጫረችበት። አቡ ሐምዛ የመኪና ባትሪ አመጣ፣ ቀዩን ሽቦ ቢላው ላይ፣ ጥቁሩን በጨው ውኃ በራሰ ጥጥ ላይ አሰረ። ቀለሙ የሸፈነውን ኤሌክትሪክ አይነካውም፤ የተጫረውን ብቻ ይበላል። ጥጡን አስነካችው። በቀንዶቹ ላይ ነጭ አረፋ ፈላ። ሠራ!

ከዚያ ከጥግ፣ ከግድግዳው ተነቅሎ ከተጣለው ማኪና ውስጥ፣ ጥ፣ ጥ፣ ጥ የሚል መጣ።

አቡ ሐምዛ አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ሌላ ነገር መስሎታል። ደማቀች ዓይኗን ከጥጡ አላነሣችም። ከዋልያው ሥር ቀለሙ ድፍን ነው፤ መርፌዋ አልነካውም፤ ራሷ ታውቃለች። ከዚያ ከድፍኑ ቀለም ሥር ግን አረፋ ብቅ አለ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከላያቸው ደግሞ የጎበጠ ቀጭን ጭረት። በአሴቶን ብታብሰው ብረቱ ላይ ጥርት ብሎ ተቀምጧል፤ አባቷ ቢመታው እንኳ ከዚህ አይጠራም።

«አባዬ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአማርኛ። «ተው እባክህ። ታስወጣኛለህ። መድረሻ የለኝም።»

ማኪናው ዝም አለ። ስለሰማት ደነገጠች፤ ከቅድሙ ይልቅ ይህ አስፈራት። ሁለተኛውን ቢላ አነሣች። ጥ፣ ጥ፣ ጥ። አሥራ ዘጠኙንም እንዲሁ ጨረሰች፤ በአንዱም ላይ ምልክቱ አልቀረም። ደግሞ ለማጥፋት ጊዜ አልነበረም። አቡ ሐምዛ በማጉያ መነጽር ተራ በተራ አያቸው። «ይቺ ከሥር ያለችው ፊርማሽ ናት? ቆንጆ ናት። ትኑር» አለ።

ዓርብ ደማቀች ቢላዎቹን ጠረጴዛው ላይ ስትደረድር ምልክታቸውን ወደ ታች ደፋችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አቡ ሐምዛ መጣና አንድ በአንድ ገለበጣቸው። «ምነው ያ ብንቲ፣ ሙሽራ ፊቷን ትደፋለች?» ሰዎች መጡ፣ አዩ፣ ጠየቁ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ነጥቦቹን እያሳየ «ይህ ምንድን ነው?» ሲለው አቡ ሐምዛ ደረቱን ነፍቶ፣ አዳራሹ በሚሰማው ድምፅ፣ «የዚህች ልጅ ምልክት ነው! ብንት ሐዳድ፣ የሐዳድ ልጅ ናት! አባቷ ሐበሻ ሐዳድ ነው!» አለ።

ከሰውዬው ጀርባ አስናቀች ቆማለች። መወልወያ ይዛለች። ዐረብኛውን ከደማቀች አሳምራ ታውቃለች።

ሰውዬው እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ እጇን በሽርጧ አብሳ ቀረበችና አንዱን ቢላ አነሣች። ነጥቦቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው፤ ረጅም ጊዜ። ቢላውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው፣ እጀታውን ወደ ደማቀች አዞረች፣ እጇን ሰበሰበች። ደማቀች ያየችው ፊቷን ብቻ ነው፤ ፊቷም አመድ መስሏል።

«ማታ በጊዜ ግቢ» አለች አስናቀች። «ነገ ጠዋትም የትም እንዳትሄጂ። ሰማሽኝ?»

«እሺ እትዬ።»

ያን ዕለት ማታ ደማቀች ሻንጣዋን አዘጋጀች። በአራት ዓመት ያልሞላው ሻንጣ አሁንም አልሞላም። በሩ አጠገብ አቆመችውና ልብሷን እንደለበሰች ጋደም አለች። አልቅሳ ይቅርታ ልጠይቃት ይሆን? ምን ብላ? የተወለድኩበትን ይቅር በይኝ ይባላል?

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ የአስናቀች መኝታ ባዶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ። አይናገሩም፤ እግራቸው ብቻ ነው የሚሰማው። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አስናቀች ከፊት፣ ከኋላዋ ማክዳ፣ ከእሷም ኋላ አምስት ስድስት ሴቶች፣ በእረፍት ቀናቸው እንኳ የማይገናኙ፣ ከየቤቱ የተሰበሰቡ። ሁሉም ሻርፓቸውን ተከናንበዋል። ኮሪደሩ ጨለማ ስለነበር ፊታቸው አይታይም።

ደማቀች ዘላ ተነሣች። «አትድከሙ! እወጣለሁ!» ብላ ጮኸች። «አዎ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ! አንድም ሰው በልቼ አላውቅም፤ አባቴም በልቶ አያውቅም። የበላችሁት እናንተ ናችሁ! ሻንጣዬን ይዣለሁ፣ አሳልፉኝ።»

አስናቀች ገባችና ሻንጣውን ከእጇ ተቀበለቻት፤ ልክ ያኔ ኡም ኡዘይና መንገድ ዳር እንደተቀበለቻት። ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁለት እጇን ያዘች።

«ልጄ፣ ተቀመጪ። አባትሽ ጋሽ ገብረመድኅን አረፉ።»

«አባቴማ ሞቷል» አለች ደማቀች። አፏ ለምዶት ነው። «ነግሬሽ… ነጋዴ…»

«ያኔ አልሞቱም ነበር» አለች አስናቀች። «አሁን ነው፣ ልጄ። ረቡዕ ጠዋት፣ በአራት ሰዓት። መልካሙ ለእኔ ደወለልኝ። ለክፉ ቀን ብለሽ ቁጥሬን ሰጥተሽው የለ? ኤግዚቢሽንሽን እስክትጨርሺ፣ ሰው እስኪሰበሰብ፣ ብቻሽን እንዳትሰሚ ብዬ ይዤው ቆየሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ፊትሽን ማየት አቃተኝ፤ አብሬሽ መጉረስ አቃተኝ።»

ያን ጊዜ ሴቶቹ የተከናነቡትን ጣል አድርገው እሪ አሉ። ደማቀች መሬት ወደቀች። አራት ዓመት ያልተለቀሰ ለቅሶ ነበረና ገንፍሎ ወጣ። ደረቷን ስትመታ ማክዳ እጇን ያዘችላት። አንዷ ሴት ውኃ አመጣች፣ አንዷ አልጋውን አጥፋ ፍራሹን ወለሉ ላይ አነጠፈች፤ ለቅሶ ቤት ሆነ። ፀሐይ ከፍ ስትል ደማቀች ስልኳን አወጣችና፣ ጆሮ ማዳመጫውን ነቅላ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ከፈተችው። ክፍሉ ሁሉ ሰማ። «ልጄ፣ ቢላ ከሚሠራ ሰው ቤት ገባች ብሎ መልካሙ ነገረኝ። ደስ አለኝ። የማንን ምልክት ነው የምታደርጊበት?» ከዚያ ሳል። ከዚያ ወናፍ። አስናቀች ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፋች።

ሴቶቹ ወደየሥራቸው ሲበተኑ ሁለቱ ቀሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂኛለሽ?» አለች ደማቀች።

«ከመጀመሪያው ሳምንት። ቢላ አቀብይኝ ስልሽ መሬት አስቀምጠሽ እጀታውን አዞርሽልኝ። በዚያ አገር እንዲህ የሚያደርግ አንድ ቤት ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ማጭድ እያስያዘች እሳቸው ዘንድ ትልከኝ ነበር።»

«አውቀሽ ነው ቢላዋን ትራስሽ ሥር ያኖርሽው?»

አስናቀች ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም። «መጀመሪያ ያላነሣኋት አንቺን ፈርቼ ነው» አለች። «ማታ ማታ እጄን ከትራሱ ሥር ከትቼ እጀታዋን ጨብጬ ነበር የምተኛው። ኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ፤ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ደማቀች ከእሷ አልሸሸችም። አስናቀች ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ፈታችው። ትንሿ ቢላ ናት። «ረቡዕ መልካሙ ሲደውልልኝ፣ ምልክታቸውን ልይ ብዬ አወጣኋት። አንገቷን እይ።»

የቢላዋ አንገት ባዶ ነበር። አልተፋቀም፣ አልዛገም። የጎበጠችው መስመር የለችም፣ ሦስቱ ነጥቦች የሉም። ከተሠራች ጀምሮ ማንም መትቶባት የማያውቅ ይመስል ለስልሳለች።

«የባለ እጅ ምልክት ጌታው ሲሞት ይሰደዳል ይሉ ነበር አሮጊቶች» አለች አስናቀች። «እኔ ተረት መስሎኝ ነበር። ትናንት አዳራሽ ውስጥ ሳየው ግን የት እንደሄደ ገባኝ።» ቢላዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እጀታዋን ወደ ደማቀች አዞረች። እጇን ሰበሰበች። «ምልክታቸውን መልሺልኝ።»

ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። በአራተኛው ቀን ደማቀች ኡም ሱማቅ ሄደች። አቡ ሐምዛ ወንበር አቀረበላት፣ «አላህ የርሐሙ» ብሎ ነፍስ ይማር አለ፣ ደጋግሞ አለ። ማኪናው ተጠግኖ መጥቷል፤ ሲያንጎራጉር ይሰማል። በአንድ ቁራጭ ብረት ላይ ሞከረችው። ዋልያው ጥርት ብሎ ወጣ። ከሥሩ ምንም የለም። ሌላ ሞከረች፣ ሌላም። ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ደፍታ ብዙ ጊዜ አዳመጠች። የሚያንኳኳ የለም። ይህ ካለፈው ሁሉ ይልቅ አስለቀሳት።

ትንሿን ቢላ ከቦርሳዋ አወጣች። ማኪናውን አጠፋችው። የቢላዋን አንገት በቀዩ ቀለም ቀባች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ መርፌውን አነሣች። አሁን የሚያግዛት አልነበረም፤ የጎበጠችውን መስመር ራሷ ጫረች፣ ከሥሯ ሦስቱን ነጥቦች ራሷ ነቀሰች። መርፌው ትንሽ ሳተባትና ሦስተኛዋ ነጥብ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለች። እንዳለች ተወቻት።

ማታ ክፍሉ ስትገባ አስናቀች ትሪ አቅርባ ትጠብቃት ነበር፤ እጇን ታጥባለች። ደማቀች ቢላዋን ወለሉ ላይ አኖረች፣ እጀታዋን ወደ አስናቀች አዞረች፣ እጇንም ሰበሰበች። አስናቀች አነሣቻት። ነጥቦቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ፈቀቅ ያለችውን ስታገኝ ቆም አለች። ከዚያ ተነሥታ ቢላዋን ከደማቀች ትራስ ሥር አስገባቻትና፣ ተመልሳ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለችላት።